ከየካ አባዶ ለንግድ ምክር ቤቱ፦ ስለ አንድ ጡረተኛ አታሚ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ አዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት
ሜክሲኮ

ጉዳዩ፦ የአንድ ጡረተኛ የማተሚያ ቤት ባለቤት ስብስብ ቦታ እንዲያገኝና የነባር ነጋዴዎች ታሪክ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አመራሮችና አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ነው። እዚህ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቹን የቴአትር ክበብም እመራለሁ። ነጋዴ አይደለሁም። ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆኑኝ ግን ነጋዴ ናቸው። ለረጅም ዘመን የምክር ቤታችሁ አባል የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ።

ስማቸውን አልጠቅስም። «ስሜን እንዳታነሳ» ብለው አስምለውኛል። ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ጉልበታቸው ሲደክም፣ ልጆቻቸውም ሌላ ሙያ ይዘው በየፊናቸው ሲሄዱ፣ ማሽኖቹን ሸጡ። ለሠራተኞቻቸው የሚገባቸውን ከፈሉ። ቤቱን ለአከራዩ አስረከቡ። ያልሸጡት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን በአይሱዙ ጭነው ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ወዳለው ግቢያቸው አመጡት። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ጭነት ነው።

ጋሼ ለጥበብ ሰዎች ካተሙት ሥራ ሁሉ አንዳንድ ቅጂ አስቀርተዋል። የቴአትር ፖስተር፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን ካታሎግ፣ የሙዚቃ ዝግጅት ትኬት፣ የግጥም መጽሐፍ፣ የመጽሐፍ ምረቃ ጥሪ ካርድ። ሁሉም በየዓመቱ ተለይቶ በሲባጎ ታስሯል። በየእስሩ ላይ የካርቶን ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ ዓመተ ምሕረቱና የወረቀቱ ዓይነት በእጃቸው ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ካርቶን 1985 ይላል።

አንዱን እስር ፈትተው ሲያሳዩኝ የግጥም መጽሐፍ ፕሩፍ፣ ከኅትመት በፊት የሚታረመው ቅጂ፣ ወጣ። ገጣሚው በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ሰርዞ ሌላ ጽፏል። እሷንም ሰርዞ ሦስተኛ ጽፏል። በመጨረሻ ቀስት ስቦ የመጀመሪያዋን መልሷታል። ከሥሩ ኮምፒዩተር ላይ የምትጽፈው ልጅ በእርሳስ «እንግዲህ የመጨረሻህ ይሁን!» ብላዋለች። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ግጥም አጻጻፍ ብዙ አወራለሁ። ተማሪዎቼ ያቺን አንዲት ገጽ ቢያዩ ግን የበለጠ ይገባቸዋል። የታተመው መጽሐፍ ይህን አያሳይም። መጽሐፉ ምናልባት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር ይገኝ ይሆናል። ፕሩፉ፣ ፖስተሩና ትኬቱ ግን ጋሼ ጓዳ ብቻ ነው ያለው። ፖስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በዝናብ ይቀደዳል፤ ትኬት በር ላይ ተቆርጦ ይጣላል። ስንት ቴአትር መድረክ ላይ ወጥቶ ከፖስተሩ በቀር ማስረጃ ሳይኖረው ቀርቷል!

ከእስሮቹ ጎን አንድ ወፍራም ባሕር መዝገብ አለ። የሥራው ዓይነት፣ የወረቀቱ ሪም፣ የፕሌቱ (የማተሚያ ሰሌዳው) ዋጋ፣ የተከፈለው፣ የቀረው በየዓምዱ ሰፍሯል። «የቀረው» በሚለው ሥር ያለው ቁጥር በብዙ ገጾች ላይ እንደተጻፈ ቀርቷል። አልተከፈለም ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «መጽሐፉ ወጥቷል አይደል?» አሉኝና ገጹን ገለጡት።

እናንተ የንግድ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ለሌላው አንባቢ ግን ትንሽ ላብራራ። እዚህ አገር ደራሲ ብዙውን ጊዜ የራሱ አሳታሚ ነው። ጽፎ ሲጨርስ ችግሩ ገና ይጀምራል። ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ፕሮፎርማ ይቀበላል፣ ዋጋውን ሲያይ ይደነግጣል። ወረቀቱ በዶላር ከውጭ የሚመጣ ነው። ምንዛሪ በተወደደ ቁጥር የመጽሐፉ ዋጋም አብሮ ይወጣል። አታሚው ደግሞ ቅድሚያ ካልተከፈለው ወረቀት አይገዛም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ስለዚህ ደራሲው ይበደራል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ የሚስቱን ወርቅ ያስይዛል። ይህ ሁሉ ሳይሳካ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ጽሑፍ ብዙ ነው። በዚህ መሀል «አምጣው፣ እናትመዋለን፤ ስትሸጥ ትከፍላለህ» የሚል አታሚ ማግኘት ለአንድ ጀማሪ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጋሼ ይህን ለዓመታት ሲሉ ኖረዋል። አንድም ጊዜ ግን የጥበብ ደጋፊ ነኝ ብለው አያውቁም።

ሰውየው ከታች የተነሱ ናቸው። በልጅነታቸው መርካቶ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተላላኪ ሆነው ገቡ፤ ማታ ማታ ተማሩ። የራሳቸውን ሱቅ ለመክፈት ሲያስቡ አብዮቱ መጣ። በ1967 ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ትልልቁ ፋብሪካ፣ የከተማ ቦታውና ትርፍ ቤቱ ተወረሰ። በ1968 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 76 ለግል ነጋዴው የካፒታል ጣሪያ አበጀለት። ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ከአንድ ፈቃድ በላይ መያዝም ቀረ። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ማደግን እየፈራ ነው የኖረው። ጋሼም 17ቱን ዓመት ደብተርና እስክሪብቶ ሲቸረችሩ ገፉት።

ጥቅምት 1985 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣ። ቅድመ ምርመራ ቀረ። ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ አሸን ፈላ። ጋሼ ያላቸውን አሟጠው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ አንድ ያገለገለ የሃይደልበርግ ማተሚያ ማሽን ገዝተው ወደ ኅትመት የገቡት ያኔ ነው። እንጀራቸው ግን ጋዜጣ አልነበረም። የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድና ካላንደር ነበር። ጥበቡ የኖረው በእነዚህ ትከሻ ነው። ካላንደር ሲቆረጥ የሚተርፈው ጠባብ ወረቀት ትንንሽ የግጥም መድበል ወጥቶታል። ከሠርግ ካርድ የተረፈው ካርቶን የመጽሐፍ ሽፋን ሆኗል። ጓዳቸው ውስጥ ካሉት መድበሎች አንዳንዶቹ ለምን ያን ያህል ረጅምና ቀጭን እንደሆኑ የገባኝ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መጽሐፍ ይነግረናል? አታሚው ካልተናገረ ማን ይናገራል?

በ1986 የግል ባንክ ተፈቀደ። በ1987 አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ጋሼ ያንን ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው ከሰው ጋር ገንዘቡን አዋጥቶ ባንክ ሲያቋቁም ማየት ለእነሱ ትውልድ ተአምር ነበር። እሳቸውም ቆይተው በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን ገዙ፤ በቦርዱም አገለገሉ። ስለ ቦርዱ ብዙ ማውራት አይወዱም፤ እኔም እዚህ ላይ አልቆይም።

ለሕዝብ የሰጡት አገልግሎት ግን ሊነገር ይገባል። ምክር ቤታችሁ ዛሬ የግልግል ዳኝነት ተቋም አለው። ከዚያ ውጭም ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ ይገባበታል። ደረቅ ቼክ የጻፈውንና የተጻፈበትን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ አንዱም ሳይታሰር አንዱም ሳይከስር ያስማማሉ። ጋሼ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ከመርካቶ የሚመጡ ሰዎች ዛሬም እዚህ ድረስ እየፈለጓቸው ይመጣሉ።

የካ አባዶ ሲመጡ ሰፈሩ ገና አዲስ ነበር። ሰዉ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ እሳቸው ናቸው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱን ሲያስገዙ ሒሳቡን የያዙት እሳቸው ናቸው። በየስብሰባው የወጣችውን እያንዳንዷን ሳንቲም ጮክ ብለው ያነባሉ። በትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥም ቆይተዋል። የተዋወቅነው እዚያ ነው።

የቴአትር ክበባችን የመለማመጃ ቦታ አልነበረውም። ጋሼ ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው ቅዳሜ ከሰዓት የጋራ መገልገያ ቤቱን አስፈቀዱልን። ለቅሶ ከሌለ የእኛ ነው። ወንበሩ የእድሩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር የእሳቸው ነው። የተውኔቱን ጽሑፍ ለሁሉም ተዋናዮች በነፃ አባዝተው ሰጡን። ፖስተራችንንም አተሙልን። የመንደር ልጆች ስማቸው በትልልቅ ፊደል ታትሞ ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ብታዩ! አንዷ ተማሪዬ የራሷን ስም ደጋግማ በጣቷ ትነካው ነበር። ያ ፖስተር አሁን ከታላላቆቹ ተዋንያን ፖስተር ጋር በአንድ ሲባጎ ታስሯል። ጋሼ ለይተው አላስቀመጡትም።

ይህን የምነግራችሁ የከተማው ዳር ምን እንደጎደለው እንድታውቁ ጭምር ነው። ብሔራዊ ቴአትር ለገሃር ነው። ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው። ከየካ አባዶ ተነስቶ ቴአትር አይቶ ማታ መመለስ ለአንድ ተማሪ የሚታሰብ አይደለም። ሲመሽ ታክሲ አይገኝም፤ የታክሲውና የትኬቱ ሒሳብ ሲደመርም ኪስ ይጎዳል። ኮየ ፈጬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ ቦሌ አራብሳም ያለው ልጅ ያው ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ዳር ሲወጣ መድረኩ መሀል ከተማ ቀርቷል። እዚህ ያለው ልጅ ጥበብን በአካል የሚያየው እንደ ጋሼ ያለ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ከተገኘ ብቻ ነው።

ነጋዴ ጥበብን ሲደግፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት ከፍተው የፊደል ገበታን በየቤቱ አደረሱ። እናትና አባቶቻችን ሀ ሁ ብለው የቆጠሩት በዚያ ገበታ ነው። በ1961 ደግሞ አምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ያኔ በሕግ መብቱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ይህን እያወቀ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጾ ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ2013 አረፈ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ለእኛ የተረፈው አንድ ወጣት ነጋዴ ገንዘቡንም ራሱንም አደጋ ላይ ስለጣለ ነው።

በንጉሡ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበር። ሠዓሊዎቹን አፈወርቅ ተክሌን ሸልሟል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሸልሟል። ከአብዮቱ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊውም ሙዚቀኛውም አዳራሽ ሲቸግረው ደጋግሞ ያንኳኳው የውጭዎቹን የባህል ማዕከላት፣ የጀርመኑን ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም የፈረንሳዩን አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ በር ነው። ላደረጉት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የራሳችን ነጋዴም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሥራው አይታይም እንጂ እየሠራ ነበር። የማይታየው ደግሞ በኪስ ስለሆነ ነው። አንዱ ለሠዓሊ ሸራ ይገዛል። ሌላው ለባንድ ድምፅ ማጉያ ያውሳል። ሌላው የተመራቂ ተማሪ ሥዕል ገዝቶ ሳሎኑ ይሰቅላል። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ የሚተካ ሰው የለም። ሰውየው ሲታመም ወይም ጡረታ ሲወጣ ድጋፉም በዚያው ያበቃል።

ጋሼ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ማሽኖቹ በተሸጡ ሰሞን ሁለት ትንንሽ የቴአትር ቡድኖች ፖስተር የሚያትምላቸው አጥተው ሥራቸውን አቆሙ። አንድ የግጥም ምሽት ጥሪ ካርድ ሳይኖረው ቀረና ቀስ በቀስ ተበተነ። ማንንም አልወቅስም። አዲሱ የማሽኖቹ ባለቤት ዕዳ አለበት፤ በዱቤ ሊያትም አይችልም።

የግብሩም ነገር አለ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲይዝ ፈቅዷል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ስጦታው ለተመዘገበ ድርጅት መሆን አለበት። ጋሼ ለአንድ ምስኪን ገጣሚ የተዉት የወረቀት ዋጋ እዚያ ውስጥ አይገባም። ገጣሚው ድርጅት አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለጥበቡ፣ አንዴ ለግብሩ። በመሀል ሆኖ የነጋዴውን ስጦታ ተቀብሎ ለጥበብ ሰው የሚያደርስ አንድ የታወቀ፣ የተመዘገበ ድርጅት ቢኖር ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

አንደኛ፣ የጋሼን ስብስብ ተረከቡልን። ከዚህ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። «በደብዳቤ አስገቡ» አሉን፤ አስገባን። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። ጓዳው ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ክረምት አንደኛው ጥግ አፍስሶ የሁለት ዓመት እስር ረጥቧል። ፀሐይ ላይ አስጥተን ያዳንነውን አዳንን፤ ቀለሙ የፈሰሰው ፈሰሰ። አይጥም አለ። ጋሼ ስብስቡን በነፃ ይሰጣሉ፤ የሚጠይቁት ገንዘብ የለም። የሚፈልጉት ደረቅ ክፍል፣ ወረቀት አያያዝ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ሊያነብ ለመጣ ተማሪ የሚከፈት በር ነው። ባሕር መዝገቡም አብሮ ይሄዳል። እሱ የእናንተው የንግድ ታሪክ ነው። የአንድ ሪም ወረቀት ዋጋ በየዓመቱ ስንት እንደነበር፣ የትኛው ወር ሥራ እንደሚበዛ፣ ሰው በስንት ጊዜ ዕዳውን እንደሚከፍል እዚያ ላይ ተጽፏል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያገኛል?

ሁለተኛ፣ እንደ ጋሼ ያሉትን ቃል ቅዱ። ምክር ቤታችሁ በ1939 የተቋቋመ ነው፤ ሦስት መንግሥታትን አልፎ እዚህ ደርሷል። በ1968ቱ ጣሪያ ሥር የነገደ፣ በ1980ዎቹ እንደገና የጀመረ ትውልድ አሁን እያለቀብን ነው። በየወሩ ቀብር እንሄዳለን። ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ነው፤ ተወለዱ፣ ነገዱ፣ ልጆች አፈሩ፣ አረፉ ይላል። እንዴት እንደነገዱ፣ ማንን እንደረዱ፣ ምን ከስረው ምን እንዳተረፉ የለበትም። ሁለት ወጣቶችና አንድ መቅረጫ ይበቃሉ። ከፈለጋችሁ የእኔ ተማሪዎች በፈቃደኝነት ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ ለጥበብ የሚሆን ቋት ክፈቱ። አባሎቻችሁ በኪስ የሚሰጡትን በአንድ ላይ፣ በደረሰኝ፣ በሕግ ይስጡ። ካርዱን ሳያትም ለሚበተን የግጥም ምሽት፣ አዳራሽ ለሌለው የዳር ሰፈር ቡድን፣ ሪም ወረቀት ላጣ ጀማሪ ይድረስ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ምዝገባ እንዴት እንደምትጨርሱ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ከግብር ሰብሳቢው ጋር መነጋገርም የእናንተ ወግ ነው። በየዓመቱ በምታዘጋጁት የንግድ ትርዒት ላይም ለእነዚህ ፖስተሮች አንድ ጥግ ብትሰጧቸው ሰዉ ቆሞ ያያል። እርግጠኛ ነኝ።

ካባና ዋንጫ አልጠይቅም። ጋሼ አይፈልጉም። አንድ ድርጅት በአንድ ወቅት ሊሸልማቸው ሲጠራቸው አልሄዱም፤ «ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሏል» አሉ። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራቸውም ደስ አላላቸውም። እዚህ ላይ ግን አልስማማም፤ ለእሳቸውም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። የእሳቸው ትሕትና የእሳቸው ነው። በጓዳቸው ያለው ግን የብዙ ሰው ልፋት ነው። የዚያ ገጣሚ ነው፣ የዚያች ጸሐፊ ነው፣ በጣቷ ስሟን የነካችው የተማሪዬ ነው። በትሕትና ምክንያት ሊበሰብስ አይገባም።

ጋሼ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናቸው። መንገዱ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በደረቅ ወቅት አይሱዙ ያስገባል፣ በክረምት አያስገባም። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ብትመጡ ጥሩ ነው። እድሩ ለመጫኑ ሰው ያዋጣል፤ ተነጋግረንበታል። ጭነቱን ወደ ምክር ቤቱ የሚያደርስ መኪናና የምትመጡበትን ቀን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአማርኛ መምህርና የቴአትር ክበብ አስተባባሪ
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ጡረታ ለወጡ ነጋዴዎችና ለቤተሰቦቻቸው በያሉበት